መዝገቡ ሌላ፣ መንደሩ ሌላ

ፋናድ በአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በዶኒጎል አውራጃ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ኪንድረም ከምትባለው መንደር አጠገብ በ1960 የቆመ መታሰቢያ የሦስት ሰዎችን ስም ይዟል፦ ማይክል ሄራቲ፣ ማይክል ማክኤልዊ እና ኒል ሺልስ። ከሦስቱ አንዱም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ አያውቅም። መታሰቢያው የቆመላቸው ግን ሰው ገድለዋል ተብሎ ስለሚታመን ነው።

የተገደለው ዊልያም ሲድኒ ክሌመንትስ፣ የሊትሪም ሦስተኛው ኧርል ነበር። በኤፕሪል 2 ቀን 1878 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰባ ዓመት ያለፈው ይህ ባለርስት በሠረገላ ወደ ሚልፎርድ ከተማ ሲጓዝ፣ ክራትላ በተባለው ጫካ አጠገብ አድፍጠው የጠበቁት ሰዎች ተኮሱበት። ጸሐፊውና ሠረገላ ነጂውም አብረውት ሞቱ። አስከሬኑ ደብሊን ወደሚገኘው የቅዱስ ሚካን ቤተ ክርስቲያን ለቀብር ሲመጣ የተሰበሰበው ሕዝብ እየጮኸ፣ እየተሳደበ ሣጥኑን ለመንጠቅ ተጋፋ።

ለምን ተገደለ? መንደሩ ለዚህ የማያወላውል መልስ አለው። ሊትሪም የጭሰኞቹን ሴት ልጆች ለቤት ሥራ እያስጠራ ያስነውር ነበር፤ ገዳዮቹም ደማቸው የፈላ ወንድሞችና አባቶች ናቸው። በዶኒጎል ይህ ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በወረቀት የተቀመጠው ግን ሌላ ነው። ኧርሉ ከ90 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ነበረው፤ በእኛ ልክ ዘጠኝ መቶ ጋሻ ያህል ማለት ነው። ደብዳቤዎቹና የርስቱ ሰነዶች የሚያሳዩት ከጭሰኞቹ ጋር ዕድሜ ልኩን የተሟገተ፣ ግትርና ቁጡ ሰው ነው። በሰሜኑ አውራጃዎች ጭሰኛ መሬቱን ሲለቅ በላዩ ያለውን መብት ለሚተካው ሰው የመሸጥ የቆየ ልማድ ነበረው። ሊትሪም ይህን ልማድ አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ በ1870 ሕግ ሆኖ ሲጸናም ተቃውሟል። ታሪክ ጸሐፊው አንቶኒ ማልኮምሰን የቤተሰቡን ሰነዶች መርምሮ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሴት ማስነወሩ ክስ ማስረጃ እንደማይገኝለት ተከራክሯል።

እዚህ ላይ መዝገቡ ረታ ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻል ነበር። የሚያስቸግረው መዝገቡ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ነው። ግድያው በተፈጸመ በአሥረኛው ቀን፣ ፍራንክ ሂው ኦዶነል የተባለ የአየርላንድ ተወካይ የሟቹን ምግባር ጉዳይ በለንደን ፓርላማ አነሳ። ወዲያው ኪንግ ሃርማን የተባለ ሌላ አባል ተነሥቶ አንድ ያረጀ የምክር ቤት ደንብ ጠቀሰ፤ በአዳራሹ ውስጥ እንግዶች አሉ የሚል። በደንቡ መሠረት ጋዜጠኞችና ታዳሚዎች እንዲወጡ ተደረገና ክርክሩ በዝግ ቀጠለ። በጊዜው ይበልጥ ሊጻፍ የሚገባው ነገር የተባለው ጸሐፊዎቹ በሌሉበት ሰዓት ነው። ከዚያም ወረድ ብሎ ቢታሰብ፣ በ1860ዎቹ አንዲት የቤት ሠራተኛ በጌታዋ ላይ አቤት የምትልበት ቦታ አልነበራትም፤ ባለርስቱ ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ዳኛም እሱ ነበርና። ሊትሪም ራሱ ይህን ዳኝነት የተቀማው በሴት ጉዳይ ወይም በጭሰኛ በደል አልነበረም። በ1863 የንግሥቲቱ እንደራሴ ኮነማራ ውስጥ ባለው የኧርሉ ሆቴል ሊያድር መምጣቱን ሲሰማ፣ እንግዳው ክፍል እንዲያጣ ሆቴሉን በገዛ ጭሰኞቹ አስሞላው። የተሻረው በዚህ ድፍረቱ ነው። ይህ በወረቀት ላይ በደንብ ሰፍሯል፤ የተደፈረው ታላቅ ሰው ነዋ!

በእኛ አገር በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል። የዶኒጎል ሰው ይህን አባባል ባይሰማውም ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥሯቸዋል። ስለ ኪራይና ስለ ውል የተነሣ ግድያ ሊያከራክር ይችላል፤ ቄስ ያወግዘዋል፣ ጎረቤትም ይከፋፈልበታል። ስለ ልጅ ክብር የተደረገ ግን ማንንም አያከራክርም። የመንደሩ ትረካ ወደዚያ ማዘንበሉ አይገርምም፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን ይህ ብቻ አይበቃም።

ይህን ሁሉ ያመጣው ሥርዓት ሥሩ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የአየርላንዳውያንን መሬት እየወረሰ ለወታደሮቹ፣ ለሹማምንቱና ለሰፋሪዎች አከፋፈለ። በ1870ዎቹ ከ800 የማይበልጡ ቤተሰቦች የአገሪቱን ግማሽ መሬት ይዘው ነበር። ገበሬው ጭሰኛ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ዘመን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቃሉ ማብራሪያ አያሻውም። በ1845 የድንች በሽታ ገባና የድሃው ብቸኛ ቀለብ በማሳው ላይ በሰበሰ። በቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። ስለ ባለርስቶቹ የሚወራው አብዛኛው ነገር ማሰሪያው ይህ ረሃብ ነው።

የሮስኮመን አውራጃው ስትሮክስታውን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሻለቃ ዴኒስ ማሆን ርስቱን የወረሰው በ1845 ነው፤ ከፊተኛው ባለቤት፣ አእምሮው ከታወከ ዘመዱ። የተረከበው በዕዳ የተያዘ፣ ኪራይ ለዓመታት ያልተሰበሰበበትና በሰው የተጨናነቀ መሬት ነበር። የርስቱ አስተዳዳሪ የሆነው ጆን ሮስ ማሆን ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሠራ። ጭሰኞቹ በድሆች መጠለያ ቢገቡ ባለርስቱ በግብር መልክ ከሚከፍለው ይልቅ በመርከብ ወደ ካናዳ መላካቸው በግማሽ ያህል ይረክሳል የሚል ሒሳብ ነው። በ1847 የፀደይ ወራት 1,490 ሰዎች በቦይ ዳር በእግራቸው ወደ ደብሊን፣ ከዚያ ወደ ሊቨርፑል፣ ከዚያም ወደ ኩቤክ ተላኩ። ካሳፈሯቸው መርከቦች አንዱ ቨርጂኒየስ 476 መንገደኞች ይዞ ተነሣ፤ ግሮስ ኢል ወደተባለችው የካናዳ የማቆያ ደሴት ከመድረሱ በፊት 158ቱ ሞተዋል። ለመሄድ እምቢ ያለውና ኪራይ ያልከፈለው ደግሞ በያዘው ዓመት ከመሬቱ ተነቀለ።

ኖቬምበር 2 ቀን 1847 ማሆን ከሮስኮመን ከተማ ስብሰባ ሲመለስ በመንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። በዚያ ምሽት በዙሪያው ባሉ ኮረብቶች ላይ የደስታ እሳት ተለኮሰ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ የወረቀትና የአፍ ታሪክ በአንድ ሰሞን እንዴት እንደሚወለዱ ያሳያል። የአካባቢው ካቶሊክ ቄስ ማይክል ማክደርሞት ከመንበሩ ላይ ሆነው ሻለቃውን ከእንግሊዛዊው ወራሪ ከክሮምዌል የከፋ ነው ብለው አውግዘዋል፣ ሕዝቡንም ለግድያ ያነሣሡት እሳቸው ናቸው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወሬው ለንደን የሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ደርሶ በይፋ ተነገረና መዝገብ ገባ። ቄሱ ፈጽሞ አልተናገርኩም ብለው ካዱ። የኤልፊኑ ጳጳስ ጆርጅ ብራውን ደግሞ የተከራከሩት በቁጥር ነው፤ ከማሆን ርስት የተነቀሉትን አባወራዎች በስም ዘርዝረው በጋዜጣ አወጡ። ዝርዝሩ 605 ቤተሰቦች፣ 3,006 ነፍስ ይላል። ወረቀት ሁሉ የባለርስቱ ጠበቃ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ጥሩ ማረሚያ ነው፤ በደሉን ስም በስም ያስቀመጠልን የተበዳዩ ወገን ወረቀት ነው።

የአፍ ታሪክ ጥፋቱን ሁሉ በሻለቃው ላይ ይጭናል። መዝገቡ ግን ሻለቃው ርስቱን ከወረሰ በኋላ የኖረው ሁለት ዓመት ብቻ እንደሆነ፣ የመርከቡን ሐሳብ ያፈለቀውና የገፋው አስተዳዳሪው እንደሆነ፣ ማፈናቀሉም በአማቹ በሄንሪ ፓከናም ማሆን ዘመን እንደቀጠለ ያሳያል። አስተዳዳሪው በአልጋው ላይ ሞቷል፤ መንደሩም ስሙን እንደ ሻለቃው ስም አያነሣም። በአየርላንድ ሁሉ ይህ ይደጋገማል። ምስለኔው የሠራው፣ መካከለኛው አከራይ የሠራው፣ አባት የሠራውና ልጅ የሠራው ሁሉ ተጠቅልሎ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ በተለይ ለተገደለው።

የዚያ ቤት ወረቀት መትረፉ ራሱ የዕድል ነገር ነው። በ1979 የመጨረሻዋ ወራሽ ግቢውን ስትሸጥ የገዛው የአካባቢው የጋራዥ ኩባንያ ነበር፤ የፈለገውም የጭነት መኪና ማቆሚያ ቦታ ነው። ባለቤቱ የርስቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተከመረውን ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ክሉናሂ ከሚባል ቀበሌ የመጡ ጭሰኞች በ1846 ለባለርስቱ የጻፉትን የረሃብ አቤቱታ አገኘ። ክምሩን ማቃጠል ትቶ አስቀመጠው። ዛሬ ከ50 ሺህ በላይ ሰነዶች ያሉት ስብስብ ሆኗል፤ በዚያው ግቢ በ1994 የተከፈተው ብሔራዊ የረሃብ ሙዚየምም ከዚህ ግኝት የመጣ ነው።

ሌላው ብዙ ወረቀት ይህን ያህል አልታደለም። በጁን 30 ቀን 1922፣ የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በጀመረበት ሳምንት፣ ደብሊን የሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። የሰባት መቶ ዓመት ሰነድ አመድ ሆነ፤ ከረሃቡ በፊትና በኋላ የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎችም አብዛኛው ክፍል አብሮ ተቃጠለ። ከእሳቱ ውጭም ጉድለቱ ብዙ ነው። ፖሊስ የተነቀሉ ቤተሰቦችን መቁጠር የጀመረው በ1849 ስለሆነ በረሃቡ ከባድ ዓመታት የተነቀሉት በይፋው ቁጥር ውስጥ የሉም፤ የስትሮክስታውን ሰዎችም የሉም። የማንኛውም ሰው ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍር የታዘዘው ደግሞ ከ1864 ጀምሮ ነው። በ1847 በጎጆው ውስጥ የሞተ ጭሰኛ መሞቱን የሚያውቅለት ጎረቤቱ ብቻ ነበር።

ወደ ዶኒጎል እንመለስ። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በግሌንቬይ ሸለቆ፣ ሐይቁ ዳር የቆመው ግንብ ጎብኚ አያጣም። ያሠራው ጆን ጆርጅ አዴር ነው። ይህ ሰው ከአገሪቱ መካከለኛ ክፍል መጥቶ በ1850ዎቹ መጨረሻ ሰፊ መሬት ገዛና ከስኮትላንድ በጎችና እረኞች አስመጣ። በ1860 የሥራ ኃላፊው ጄምስ ሙሬይ በተራራው ላይ ተገድሎ ተገኘ። አዴር ገዳዩ ካልተገኘ ሁሉም ይጠየቃሉ ብሎ በኤፕሪል 1861 በሸሪፍና ከ200 በላይ በሚሆኑ ፖሊሶች ታጅቦ ዴሪቬይ ከተባለው የርስቱ ክፍል 47 ቤተሰቦችን አባረረ፤ 244 ሰዎች ናቸው። ጎጆዎች ጣሪያቸው እየተነቀለ ፈረሰ።

አንድ የቤተሰብ ተራኪ ይህን ሲያወራ፣ አዴር ሰዎቹን የነቀለው ከግንቡ መስኮት የሚያየው መልክዓ ምድር በጎጆ እንዳይበላሽበት ነው ይላል። መዝገቡ ሲታይ ግንቡ መሠራት የጀመረው ከማፈናቀሉ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1867 ነው። ትረካው ሁለቱን ዘመን አጥፎ አንድ አድርጎታል። ይሁን እንጂ መንደሩ ሲምል የኖረበትን ትልቁን ነገር ወረቀቱም ይመሰክርለታል፦ የተባረሩት ኪራይ ያጎደሉ አልነበሩም። ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው በአዴር ሥራ አልተደሰቱም፤ ሕጉ ግን ከእሱ ጋር ነበርና ማስቆም አልቻሉም። የነፍሰ ገዳዩም ነገር ሳይታወቅ ቀረ፤ ከጭሰኞቹ አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ቮን በ1983 ጉዳዩን በፖሊስ ሰነድ ሲከታተል ጥርጣሬው ወደ ስኮትላንዳውያኑ እረኞችም እንደዞረ አሳይቷል። ጭሰኞቹ ገደሏቸው ከተባሉት የአዴር በጎችም ብዙዎቹ የሞቱት በብርድና በዝናብ ነበር።

የግሌንቬይ እርግማን ግን ከማስረጃ ክልል ውጭ ነው። ከተባረሩት ሴቶች አንዷ ተንበርክካ ዘር አይውጣልህ ብላ ረገመችው ይባላል። አዴር በ1885 ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲሞት ከእሱ የተወለደ ልጅ አልነበረም። ሚስቱ ኮርኔሊያ ለባሏ ደግነትና ፍትሐዊነት ምስክር የሚሆን ጽሑፍ በትልቅ ቋጥኝ ላይ ብታስቀርጽ መብረቅ መትቶ ሐይቅ ውስጥ ከተተው እያሉም ያወራሉ። ከኋለኞቹ ባለቤቶች አንዱ፣ የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር አርተር ኪንግስሊ ፖርተር በ1933 ኢኒሽቦፊን ደሴት ላይ ወጥቶ ቀረ፤ መንደሩም ይህን ወደ እርግማኑ ዝርዝር ጨመረው። የሚገርመው ራሷ ኮርኔሊያ ነች። ከባሏ ሞት በኋላ እዚያው ተመላልሳ ኖራለች፤ የአካባቢው ሰውም በደግነቷ ያነሣታል። መንደር ቤተሰብን በጅምላ አይጠላም፤ ሰው ይመርጣል።

አየርላንድ ይህን ሁሉ የአፍ ታሪክ በወረቀት ላይ ለማስፈር ያደረገችው ጥረት የሚያስቀና ነው። በ1935 የተቋቋመው የፎክሎር ኮሚሽን ከ1937 እስከ 1939 ባለው ጊዜ በአምስት ሺህ ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘመቻ አሰማራ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ደብተርና እርሳስ ይዘው አያቶቻቸውን ጠየቁ፤ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ሙት መንፈስ፣ ስለ ረሃቡና ስለ ባለርስቱ። በ1945 ደግሞ ረሃቡ የገባበት መቶኛ ዓመት ሲደርስ ሰፊ መጠይቅ ተበተነ። የተማሪዎቹ ገጾች ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ፤ ባለርስት ሁሉ ጨካኝ ነው የሚል ሰው ቢያነባቸው ይገረማል። ደግ ባለርስት፣ ሰካራም ባለርስት፣ ቁማርተኛ ባለርስት፣ ሞኝና በጭሰኛው የተታለለ ባለርስት በየገጹ አለ።

ትልቁ ጥያቄ የተናጋሪዎቹ ማንነት ነው። በ1937 በመንደሩ ተገኝቶ ለልጅ ልጁ የሚያወራው አዛውንት ከሞቱት ወይም ከተሰደዱት ወገን አይደለም፤ ከቀሩት ልጆች ነው። ከ1841 እስከ 1851 ከአንድ እስከ አምስት ኤከር የሚሆኑት ትናንሽ ይዞታዎች ከ310 ሺህ ወደ 88 ሺህ ገደማ ወርደዋል። ያ መሬት ሁሉ የበግ ማሰማሪያ አልሆነም፤ ብዙው ወደ ጎረቤት ማሳ ተቀላቅሏል። ኪራይ መዝገቡ በአንድ ዓመት ገጽ የአንዱን ስም ሰርዞ በሚቀጥለው ዓመት የሌላውን ይጽፋል። መንደሩ ባለርስቱን በስሙ ይጠራል፤ ማሳውን የተረከበውን ጎረቤት ግን «አንድ ሰው» ብሎ ያልፈዋል፤ የልጅ ልጁ አጥር ለአጥር ይኖራልና። መዝገብ ለይሉኝታ አይጨነቅም፤ ጥቅሙ ከሁሉ በላይ የሚታየውም እዚህ ላይ ይመስላል።

ባለርስት ማለት ባዕድና ፕሮቴስታንት ማለት ነው የሚለው እምነትም እንዲሁ በመዝገብ ፊት ይላላል። ከረሃቡ በኋላ በዕዳ የተያዙ ርስቶችን የሚሸጥ ፍርድ ቤት በ1849 ሲቋቋም ከገዢዎቹ ከአሥሩ ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አየርላንዳውያን ነበሩ። ካቶሊክ ባለርስቶችም ነበሩ። ከመካከላቸው በፍቅር የሚነሡት የሜዮ አውራጃ ሙሮች ናቸው። ሀብታቸው የመጣው ከስፔን የወይን ጠጅ ንግድ ሲሆን ሙር ሆል የተባለውን ቤት በ1790ዎቹ በካራ ሐይቅ ዳር አሠሩ። በ1846 የጆርጅ ሄንሪ ሙር ፈረስ ኮራና በቼስተር እሽቅድምድም አሸነፈና 17 ሺህ ፓውንድ አስገኘለት፤ ከዚያ ገንዘብ ለጭሰኞቹ እህልና ላም ገዛላቸው። በእነሱ ርስት ላይ ማንም በረሃብ አልሞተም፣ ማንም አልተነቀለም ይላል መንደሩ። የሞት መዝገብ በሌለበት ዘመን የመጀመሪያውን ቃል በወረቀት መፈተን አይቻልም። የፈረሱ ድል፣ ገንዘቡና ርዳታው ግን እርግጥ ናቸው። በአፍ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይነሣው ልጁ ነው። ደራሲው ጆርጅ ሙር ርስቱን በ1870 ወርሶ በፓሪስ የኖረው ከእነዚያው ጭሰኞች በሚላክለት ኪራይ ነበር።

ሙር ሆል በፌብሩወሪ 1 ቀን 1923 በሪፐብሊካኑ ሸማቂዎች ተቃጠለ፤ የቤተሰቡ አባል ሞሪስ ሙር በአዲሱ መንግሥት የሴኔት አባል ስለነበረ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከ270 በላይ የባለርስት ቤቶች ነድደዋል። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ የዚያው አካባቢ የቀድሞ ሸማቂዎች በፍርስራሹ ላይ የቤተሰቡን የረሃብ ዘመን ውለታና አርበኝነት የሚያወድስ ሰሌዳ ሰቀሉ። ቤቱን ማን እንዳቃጠለው ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም።

የባለርስቶቹ ዘመን የተዘጋው በእሳት ብቻ አልነበረም። በ1881 የተቋቋመው የመሬት ኮሚሽን፣ በተለይ ከ1903ቱ ሕግ በኋላ፣ መሬቱን ከባለርስቶች እየገዛ በረጅም ጊዜ ብድር ለጭሰኞች አስተላለፈ። ከነፃነት በኋላም የቀሩትን ርስቶች እየቆራረጠ ሲያከፋፍል ቆይቶ በ1999 ሥራው አበቃ። ወረቀቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ የባለቤትነት ሰነድ፣ ካርታ፣ የትኛው ቤተሰብ የትኛውን ማሳ ሊያገኝ ይገባል የሚል የተቆጣጣሪዎች ሪፖርት ሁሉ ይገኝበታል። ፖርትሊሽ ከተማ ባለ መጋዘን ተቀምጦ ለአሥርተ ዓመታት ለተመራማሪም ለሕዝብም ዝግ ሆኖ ቆይቷል። የዚህኛው ሰነድ ክርክር ከኧርሎቹ ጋር አይሆንም፤ የተቀበለውና የተነፈገው ሁለቱም የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም ዛሬ በዚያው ማሳ ላይ ያርሳሉ።